የገዛ ስሙ

ምዕራብ ካንሳስ ነው፣ ዛፍ የማይታይበት፣
ነፋስ ያለ ከልካይ የሚፈነጭበት።
ሳሩን ከነሥሩ እንደ ጡብ ቆራርጠን፣
ግድግዳ አቁመን፣ ጣራውን ከድነን፣
ግማሽ አፈር ገብተን «ጎጆ ወጣን» አልን።

እዚያ ተወለድኩኝ፣ በጥር ውርጭ ሌሊት፣
በረዶ በር ዘግቶ፣ ሊጠፋ ሲል እሳት።
ሲነጋ ባካፋ እየዛቀ መጣ
አይሶም ላርኪን፣ ጢሙ ከውርጩ የነጣ።
ዱቄት አልነበረም በክንዱ የታቀፈው፤
መዝገብ ነው፤ ቀለሙን ብርዱ እንዳያረጋው
ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሙቀት ያበደረው።
«ስሟን» አለ ቆሞ። «ዴልፊያ» አለች እናቴ።
ጻፈኝ፤ ጡት ሳልይዝ ስሜ ሆነ ሀብቴ።

እሱ የተጻፈው ሌላ መዝገብ ላይ ነው፣
አላባማ፣ ጥጡን ሲመዝን በዋለው
በጌታው ጸሐፊ፣ በደረቀ ብዕር፦
«በቅሎ፣ ግራጫ፣ አንድ፤ መቶ ሠላሳ ዶላር።
አይሶም፣ ወንድ፣ አሥራ ሁለት፤ ጥርሱ ያልጎደለ፤
ዘጠኝ መቶ።» ብሎ ወደ ላም ቀጠለ።

አንድ ሌሊት ሸሸ፤ ወንዝ አሻገረው ሰው፣
ላርኪን የሚሉት ሽማግሌ፣ ዋጋ ያልጠየቀው።
ከጦሩ ሲደርስ «የአባት ስም?» ቢሉት፣
የጌታውን ትቶ የቀዛፊውን ሰጣቸው።
በነጻ ያገኘውን በነጻ አልያዘም ግን፤
መድፍ እንደ ማረሻ ሲገለብጥ ማሳውን፣
በሦስት ጣት ገዛው የገዛ ስሙን።
ከዚያ ወዲያ ማንም «የማን ነህ?» ሲለው፣
የተረፉት ሁለት ጣቶች ናቸው የሚመልሱለት።

ሠላሳ አንድ ቤት ሰው በጋሪ አስከትሎ
መጣ። «ውሃ አለ» አለ፣ ምድር ላይ ጆሮ ጥሎ።
ስድሳ ክንድ ወረዱ፤ አቧራ ነው፣ ጠጠር።
አባቴ አካፋውን ወርውሮ ሲያማርር፣
አይሶም በሁለት ጣት ገመድ ይዞ ነበር።
ስድሳ አንደኛው ላይ ግን አካፋው ረጠበ፤
ሰው ሁሉ ከነጭቃው እየሳቀ ጠባ።

ማታ ማታ በከሰል፣ በሳንቃው በር ላይ፣
ልጅና ሽማግሌ አንድ ላይ ደርድሮ፣
እንደ ከብት የተቆጠረው ፊደል አስቆጠረን።

ከዚያ መጣ አንድ ሰው፣ ከባቡር ኩባንያ።
ከፈረሱ ሳይወርድ፣ ዓይኑ ጉድጓዱ ላይ፣
«እዚህ ገዢው ማነው?» አለ፣ ወደኛ ሳያይ።
አይሶም እጁን ጠርጎ፣ ፈገግ ብሎ አለ፦
«ገዢ የለም እዚህ፤ የሚሸጥ ስለሌለ።»

ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ስምንት ዓመቴ ነበር።
ሐዲዱ ግን ዞረ፣ ስድስት ማይል በዚያ ዳር።
ሱቁ ተከተለው፤ ሐኪሙ ተከተለው።
ትንሹ ወንድሜ ሳል ይዞት፣ በጋሪ ስንወስደው
መንገድ ላይ ቀረብን።
አባቴ ያን ማታ የአይሶምን በር መታ፤
«ኩራትህ ነው!» አለው፣ «ያንተ ቅኔ፣ ያንተ!»
አይሶም አልመለሰም። መዝገቡን ገለጠ፤
የወንድሜን ስም ለመጻፍ ያን ያህል የቆየ
እጅ አይቼ አላውቅም።
እስኪነጋ ድረስ መብራቱ አልጠፋም።

ከዚያማ አንድ ባንድ ሄዱ። ለሄደም ይጽፋል፦
«ኪንኬድ፣ ከነሚስቱ። ደህና ሰው ነው። ሄዷል።»
አባቴም ሄደ፤ እኔ ቀረሁ።
ለምን እንደቀረሁ ዛሬም ቢጠይቁኝ
ውሃው ይጣፍጣል ከማለት በቀር አላውቅም።

ሲሞት ብዕሩ እኔ እጅ ላይ ወደቀ።
ያኔ ነው መዝገቡን ቀርቤ ያየሁት፦
የሱቅ ሒሳብ መያዣ ነው፣ በርካሽ የተገዛ፤
በየስሙ ትይዩ፣ ከቀይ መስመር ወዲያ፣
«ዋጋ» የሚል ዓምድ አለ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሁለት መቶ ስም ጽፎ፣
አንዲት ነጥብ እንኳ አላሳረፈበትም።

«አይሶም ላርኪን» አልኩኝ፣ ቀለሙን በብብቴ አሙቄ።
«ዕድሜው በትክክል አይታወቅም። ውሃ አወጣ።»
ሌላ የምጨምረው ነበረኝ፤ ብዙ ነበረኝ፤
ቦታውም ሰፊ ነው፣ ወደ ቀኝ፣ ባዶውን የቆየ።
ከቀዩ መስመር ወዲህ
ብዕሬን አነሣሁ።